«ዕድሜው የረዘመ ካም»፦ በአንድ የሙያ ትርጉም ላይ የቀረበ የስያሜ ሒስ

መግቢያ

የሙያ ቃላትን የሚመለከት ሒስ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በታተመ መዝገበ ቃላት ወይም በአንድ የስያሜ ኮሚቴ ውሳኔ ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ መነሻ ግን ማተሚያ ቤት ያልገባ፣ በታይፕ ተጽፎ በፎቶ ኮፒ ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወር የዐሥራ አራት ገጽ ትርጉም ነው። ያገኘነውም የሙያ ቃላትን ለመሰብሰብ ወደ ደብረ ታቦር በሄድንበት ወቅት በአንድ ጋራዥ ውስጥ፣ ከመፍቻዎችና ከዘይት ቆርቆሮዎች መካከል ተቀምጦ ነው። ጽሑፉ ለአሮጌ መኪና ሞተር ምትክ ካምሻፍት እንዴት እንደሚመረጥ የሚያስረዳ ሲሆን፣ ወደ አማርኛ የተመለሰው ከእንግሊዝኛ ነው። የተርጓሚው ስም አልተጻፈበትም። የምንተቸው ሥራውን እንጂ ሰውየውን ባለመሆኑ የስሙ አለመታወቅ ለሒሳችን እንቅፋት አይሆንም።

ለዚህች አነስተኛ ጽሑፍ ይህን ያህል ቦታ መስጠት የተገባበት ምክንያት አለን። በመዝገበ ቃላት ውስጥ የተሳሳተ ስያሜ ቢገኝ አንባቢው ቅር ይለዋል፣ ወይም ሳያስተውለው ያልፋል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ስያሜዎች ግን ሰው ገንዘቡን አውጥቶባቸዋል፤ ሞተርም ተከፍቶባቸዋል። ስለዚህ የስያሜ መመዘኛዎቻችን በስብሰባ አዳራሽ ሳይሆን በመለዋወጫ ዕቃ መሸጫ መስኮት ፊት እንዴት እንደሚፈተኑ ለማየት የተመቸ አጋጣሚ ሆኖ አግኝተነዋል።

በቅድሚያ የደረስንበትን መደምደሚያ እናስቀምጥ። የትርጉሙ ጉድለት የባዕድ ቃል መብዛት አይደለም፤ የአገር ቃል ማነስም አይደለም። ጉድለቱ «የምን?» የሚለውን ጥያቄ ሳይጠይቅ ማለፉ ነው። ይህ ጉድለት ደግሞ የዚያ ተርጓሚ ብቻ ሳይሆን የእኛም፣ የስያሜ ባለሙያዎቹ፣ ጉድለት መሆኑን ከዚህ በታች ለማሳየት እንሞክራለን።

1. ስለ ዕቃው ጥቂት ቃል

ነገሩ እንዲህ ነው። በጡረታ ላይ ያሉ አንድ መምህር እ.ኤ.አ. በ1967 የተሠራች ቮልስዋገን 1300 አለቻቸው። የዚህች መኪና ዓይነት በመላው ዓለም ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ፣ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ አገር ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ወጥታለች። ከዚያ ወዲህ ባለንብረቶቿ መለዋወጫ የሚያገኙት ወይ ከተፈታ አሮጌ ሞተር፣ ወይም ዕቃውን ለየብቻ እየሠሩ ከሚሸጡ ድርጅቶች ነው። በመሆኑም የሚመርጠው ፋብሪካው ሳይሆን ባለመኪናው ራሱ ሆኗል። መራጩ ሰው ደግሞ የሚያነበው ጽሑፍ ያስፈልገዋል።

ካምሻፍት በሞተሩ ሆድ ውስጥ የሚሽከረከር ዘንግ ነው። በዘንጉ ላይ በየቦታው ከክቡ ወጣ ያሉ እብጠቶች አሉ። እብጠቱ ዞሮ ሲደርስ ታፔት የተባለውን ዕቃ ይገፋል፤ ታፔቱ ገፊውን ዘንግ፣ ገፊው ዘንግ ሮከሩን፣ ሮከሩም ቫልቩን ገፍቶ ይከፍተዋል። እብጠቱ ሲያልፍ ሞላው ቫልቩን መልሶ ይዘጋዋል። ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል። በቮልስዋገን ሞተር ውስጥ ሲሊንደሮቹ በግራና በቀኝ ፊት ለፊት ስለተደረደሩ አንዱ እብጠት ሁለት ቫልቮችን ያገለግላል፤ ስለዚህም አራት እብጠቶች ስምንት ቫልቮችን ያስተዳድራሉ። ባጭሩ ሞተሩ መቼ አየር እንደሚስብ፣ ምን ያህል እንደሚስብና መቼ እንደሚያስወጣ የሚወስነው የእነዚህ እብጠቶች ቅርጽ ነው።

ውሳኔው በደብረ ታቦር ከሌላ ስፍራ ይልቅ ይከብዳል። ከተማይቱ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ከበላይዋ ያለው የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር ያልፋል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተር በባሕር ጠረፍ ከሚያገኘው ጉልበት ወደ ሩብ የሚጠጋውን ያጣል። ከወረታ ተነሥቶ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ መኪና በአርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ ወደ 900 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ የሚፈለገው ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ያለው ጉልበት ነው እንጂ በፍጥነት ሲዞር የሚሰጠው አይደለም። ለዚህ የሚስማማው ካምሻፍት ፋብሪካው ያወጣው ወይም ለእርሱ የቀረበው ነው። መምህሩ ያገኙት ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። ያም የሆነው በሦስት ቃላት ሳቢያ ነው።

2. «ዕድሜ»

በትርጉሙ ስድስተኛ ገጽ ላይ የልዩ ልዩ ካምሻፍቶች ሰንጠረዥ አለ። ከዓምዶቹ አንዱ «ዕድሜ» የሚል ርእስ ተሰጥቶታል። በሥሩ የተደረደሩት ቁጥሮች ከ250 እስከ 300 ይደርሳሉ። በእንግሊዝኛው ከቁጥሮቹ ራስ ላይ የነበረችው የዲግሪ ምልክት በአማርኛው ታይፕ ላይ ስላልነበረች ቀርታለች። መምህሩ ሰንጠረዡን እንደማንኛውም አስተዋይ አንባቢ አነበቡት። ዕድሜ የተባለ ነገር ከበዛ ይሻላል፤ ስለዚህ ከሁሉ የሚበልጠውን መርጠው በባሕር ማዶ ለሚኖር ዘመዳቸው «ዕድሜው የረዘመውን ላክልኝ» አሉት። ዘመድየውም የቁጥሩን አምድ ተከትሎ በትክክል የታዘዘውን ላከ።

እንግሊዝኛው በዚያ ዓምድ ሊል የፈለገው ቫልቩ ተከፍቶ በሚቆይበት ጊዜ ክራንክሻፍቱ ስንት ዲግሪ እንደሚዞር ነው። ይህ ቁጥር ሲበዛ ማስገቢያው ቫልቭ ዘግይቶ ይዘጋል። ፒስተኑ ወደ ላይ መመለስ ከጀመረ በኋላም ቫልቩ ክፍት ስለሚሆን ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የሳበውን ድብልቅ መልሶ ይተፋዋል። ሞተሩ እጅግ ሲፈጥን ብቻ ጥቅሙ ይታያል። ለእሽቅድድም መኪና የተገባው ይህ ካም የወረታን ዳገት ለሚወጣ ሰው ቅጣት ነው። እንደተባለውም ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ይንቀጠቀጥ፣ ዳገት ላይም ይተኛ ጀመር።

ተርጓሚው የተሳሳተው መዝገበ ቃላት ባለማየቱ አይደለም። በጠቅላላ መዝገበ ቃላት የእንግሊዝኛው ቃል አንድ ነገር የሚቆይበትን ዘመን ያመለክታል፤ «ዕድሜ» ከዚያ የራቀ አይደለም። ስሕተቱ የመጣው ከሁለቱ ቋንቋዎች ጠባይ ልዩነት ነው። የእንግሊዝኛ የሙያ ጽሑፍ ባለቤቱን ትቶ ስሙን ብቻውን ማቆም ይወዳል። የሚቆየው ምን እንደሆነ አይናገርም፤ አንባቢው ያውቀዋል ብሎ ይተወዋል። አማርኛ ግን እንዲህ ያለውን ስም ባለቤት አልባ አድርጎ መተው አይሆንለትም። «ቆይታ» ሲባል «የምን ቆይታ?» ብሎ ይጠይቃል። ተርጓሚው ጥያቄውን በግልጽ ስላልጠየቀ ቋንቋው ራሱ መለሰለት፤ በአጠገቡ የነበረውን ስም ባለቤት አደረገው። አጠገቡ የነበረው ስም ካምሻፍት ነው። የካምሻፍት ቆይታ ደግሞ ዕድሜው ነው። ስለዚህ ስሕተቱ የተፈጸመው «ዕድሜ» የሚለው ቃል ሲመረጥ ሳይሆን ከዚያ አንድ እርምጃ ቀደም ብሎ ነው።

በ«ዕድሜ» ምትክ «ጊዜ» ወይም «ቆይታ» ቢባል ይሻል ነበርን? ጥቂት ይሻል ነበር፤ ይሁን እንጂ አይበቃም። ክራንክሻፍቱ በደቂቃ 1,000 ጊዜ ሲዞር 270 ዲግሪ የ45 ሺህኛ ሰከንድ ቆይታ ነው፤ 3,000 ጊዜ ሲዞር ግን ያው 270 ዲግሪ 15 ሺህኛ ሰከንድ ብቻ ይሆናል። የሚለካው ዙር እንጂ ጊዜ አይደለም። በዚህ ረገድ የእንግሊዝኛው ስያሜ ራሱ ደካማ ነው። ጀርመንኛ ይህንኑ ነገር የሚጠራው «የመከፈት ማዕዘን» ተብሎ ሊመለስ በሚችል ጥምር ቃል ነው። ከዚህ ለተርጓሚዎች የሚሆን አንድ ምክር እናገኛለን፤ የምንጩ ቋንቋ ስያሜ የደከመ ሲሆን ሌላ ቋንቋ ነገሩን እንዴት እንደያዘው ማየት ይገባል። የምንተረጉመው ጽንሰ ሐሳቡን ነውና የእንግሊዝኛን ድካም አብረን መውረስ ግዴታችን አይደለም። እኛም «የቫልቭ መከፈቻ ማዕዘን» የሚለውን እናቀርባለን። ረዘም ያለ ነው፤ ዳሩ ግን «የምን?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን በውስጡ ይዟል።

3. «ማንሻ»

ሁለተኛው ቃል «ማንሻ» ነው። ተርጓሚው ይህን ቃል ለሁለት ነገሮች አውሎታል። በሰንጠረዡ ውስጥ እብጠቱ የሚያነሣበትን መጠን «ማንሻ» ብሎታል፤ ቁጥሩም በሚሊ ሜትር ተሰጥቷል። በዐሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ደግሞ ታፔት የተባለውን ዕቃ «ማንሻ» ብሎታል። በእንግሊዝኛ ሁለቱ ከአንድ ሥር የወጡ ቢሆኑም በመድረሻቸው ይለያያሉ። በአማርኛው ግን ልዩነቱ ጠፍቷል።

የቃል አመሠራረቱን ብናይ ለታፔቱ የተሰጠው ስያሜ ትክክል ነው። «ማንሻ» ከ«አነሣ» የተገኘ የመሣሪያ ስም ነው፤ «መቁረጫ»፣ «መጥረጊያ»፣ «መክፈቻ» እንደሚባለው ሁሉ። የመሣሪያ ስም ግን መጠንን ሊሰይም አይችልም። የ«መቁረጫ» ርዝመት ሌላ፣ የ«መቁረጥ» ርዝመት ሌላ ነው። ተርጓሚው በሰንጠረዡ ውስጥ መጠንን በመሣሪያ ስም ሲጠራ ከቋንቋው የአመሠራረት ሥርዓት ወጥቷል። ይህን የምንለው ለሰዋስው ክብር ብለን ብቻ አይደለም፤ ውጤቱን እንመልከት።

በዐሥራ አንደኛው ገጽ ላይ «አዲስ ካምሻፍት ሲገባ አዲስ ማንሻ መጠቀም ያስፈልጋል» የሚል ማስጠንቀቂያ አለ። ማስጠንቀቂያው ለታፔቱ ነው። አሮጌ ታፔት ከአሮጌው ካም ጋር አብሮ ስለተላመጠ ፊቱ ተበልቷል፤ በአዲስ ካም ላይ ቢጫን አዲሱን ካም ይበላዋል። መምህሩ ግን «ማንሻ» የሚለውን ቃል ያወቁት ከሰንጠረዡ፣ በሚሊ ሜትር የሚለካ ነገር ሆኖ ነው። ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩን «አዲሱ ካም አዲስ የማንሻ መጠን ይኖረዋል» እንደማለት ተረዱት። ያ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ሳይሆን መግለጫ ነው፤ የሚያዝዘው ነገር የለም። አሮጌዎቹ ታፔቶች ተመልሰው ገቡ። ወራት ሳይቆጠሩ ከባሕር ማዶ የመጣው ካም ተበላ። «ዕድሜው የረዘመ» የተባለው ካም የኖረው ዕድሜ ይህን ያህል ነበር።

በመጠኑ በኩል ሌላም ችግር አለ። «የምን?» የሚለው ጥያቄ እዚህም ይነሣል። እብጠቱ ታፔቱን የሚያነሣበት መጠንና ቫልቩ የሚከፈትበት መጠን እኩል አይደሉም፤ በመካከላቸው ሮከሩ አለ። የሮከሩ ክንዶች 1.1 ለ1 በሆኑበት ሞተር እብጠቱ 8 ሚሊ ሜትር ቢያነሣ ቫልቩ 8.8 ሚሊ ሜትር ይከፈታል። አንዱ ሻጭ አንደኛውን፣ ሌላው ሻጭ ሁለተኛውን ቁጥር ሊጽፍ ይችላል። ባለቤቱ ያልተጠቀሰ ቁጥር ስለዚህ ለማወዳደሪያ አይሆንም። ጀርመንኛ ለፒስተን ምትም፣ ለቫልቭ መነሣትም የሚጠቀምበት ቃል አንድ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱን መለየት ሲያስፈልግ ብቻውን አያቆመውም። ባለቤቱን ከፊት አስቀድሞ «የፒስተን እንዲህ»፣ «የቫልቭ እንዲህ» እያለ ያጣምረዋል። አማርኛ ለዚህ «የ» የተባለች መሣሪያ አለችው፤ ወጪም የላትም።

4. «ዜሮ»

ሦስተኛው ቃል ከሁሉ ይልቅ አስተማሪ ነው፤ ምክንያቱም ማንም ሰው ትርጉም ያስፈልገዋል ብሎ የማይገምተው የቁጥር ምልክት ነው።

በቮልስዋገን ካምሻፍት ጫፍ ላይ ባለ ጥርስ ክብ ወይም ጊር አለ። በዚህ ጊር ላይ ሁለት ልዩ ልዩ ምልክቶች ይገኛሉ። አንደኛው በአንድ ጥርስ ላይ የተቀረጸ ዜሮ ነው። ሞተሩ ሲገጠም ይህ ጥርስ በክራንክሻፍቱ ጊር ላይ በነጥብ ምልክት በተደረገባቸው ሁለት ጥርሶች መካከል መግባት አለበት፤ አለዚያ ቫልቮቹ ያለ ጊዜያቸው ይከፈታሉ። ሁለተኛው ምልክት በጊሩ ጀርባ ላይ የሚገኝ ቁጥር ነው። ይህም የጊሩ ሬዲየስ ከመደበኛው ልክ በስንት መቶኛ ሚሊ ሜትር እንደሚበልጥ ወይም እንደሚያንስ ይናገራል። ከመደበኛው ያነሰ ከሆነ የመቀነስ፣ የበለጠ ከሆነ የመደመር ምልክት ያለበት ቁጥር ይጻፋል፤ ልክ ከሆነ ግን ዜሮ ይጻፋል። የሞተር ቤቶች ሁሉ ቅንጣት ታህል ስለሚለያዩ ለእያንዳንዱ የሚስማማው ጊር ይመረጣል።

እንግዲህ በአንድ ጊር ላይ ሁለት ዜሮዎች ሊገኙ ይችላሉ፤ አንዱ ቦታን፣ ሌላው ልክን ያመለክታል። ተርጓሚው ሁለቱንም «የዜሮ ምልክት» ብሏቸዋል። የመምህሩ ሞተር የሚፈልገው የልክ ቁጥሩ ዜሮ የሆነውን ጊር ነበር። ሁለተኛውን ካም ለማስገዛት «ባለ ዜሮ ይሁን» ብለው ላኩ። ገዢው ጊሩን አገላብጦ በጥርሱ ላይ ዜሮ አገኘ፤ ገዛውም። በጥርሱ ላይ ያለው ዜሮ ግን በማናቸውም ጊር ላይ ይገኛል። ስለዚህ «ባለ ዜሮ» የሚለው ትእዛዝ «ጥርስ ያለው ጊር ይሁን» ከማለት የበለጠ የነገረው የለም። በጀርባው የተጻፈው ቁጥር ሲታይ +4 ነበር።

ይህኛው ስሕተት ሞተር ሳያበላሽ ቀርቷል። ያዳነው ግን ጽሑፉ ሳይሆን የጋራዡ ባለሙያ እጅ ነው። ባለሙያው ካሙን በመቀመጫው ላይ አኑሮ ክራንክሻፍቱን ወደ ኋላ ሲያዞረው ካሙ ከመቀመጫው ብድግ አለ። ጊሩ ለዚያ ሞተር ወፍራም ሲሆን እንዲህ ያደርጋል። ባለሙያው «መምህር፣ ይህ ባለ ዜሮ አይደለም፤ አይግባ» ብሎ መለሰው። መምህሩም ጽሑፉን አውጥተው «ይኸው ዜሮ አለው እኮ» አሉት። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር።

ለዚህ ችግር መፍትሔ አዲስ ቃል መፍጠር አያሻም። በአማርኛ «ምልክት» እና «ቁጥር» የተለያዩ ቃላት ናቸው። በጥርሱ ላይ ያለውን «የማጋጠሚያ ምልክት»፣ በጀርባው ላይ ያለውን «የልክ ቁጥር» ማለት በቂ ነው። ከእንግዲህ «የልክ ቁጥሩ ዜሮ የሆነ» ተብሎ ቢታዘዝ በጥርሱ ላይ የሚፈልግ ገዢ አይኖርም።

5. ስለ ካም፣ ስለ ዛፍና ስለ ሻኛ

ሒስ ጉድለትን ብቻ መቁጠር የለበትምና ተርጓሚው የተሳካለትንም እንጥቀስ። ካምሻፍት፣ ቫልቭ፣ ፒስተን፣ ሮከር የሚሉትን እንዳሉ ትቷቸዋል። አንዳንድ ባልደረቦቻችን ይህን እንደ ስንፍና እንደሚቆጥሩት እናውቃለን፤ እኛ ግን እንደግፈዋለን። ዕቃው ሲገዛ በካርቶኑ ላይ የሚነበበው፣ በስልክ የሚጠራው ይህ ስም ነው። በአገራችን ጋራዥ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ሞተሪኖ፣ ባሌስትራ፣ ካቻቪቴ የሚሉት ከጣልያንኛ የገቡ ቃላት ያለ ማንም ፈቃድ ገብተው፣ በአማርኛ እየተረቡ ለትውልዶች ኖረዋል። ደብረ ታቦርም ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። ከከተማይቱ ወጣ ብሎ በሚገኘው ጋፋት የዐፄ ቴዎድሮስ የውጭ አገር ሠራተኞች የሠሩትና በ1860 ዓ.ም. እስከ መቅደላ የተጎተተው ትልቁ መድፍ የተሰየመው በክራይሚያ ባለች ከተማ ስም ሴባስቶፖል ተብሎ ነው። ስሙ ባዕድ መሆኑ መድፉን ከታሪካችን አላስወጣውም።

ተርጓሚው «ማስገቢያ ቫልቭ»፣ «ማስወጫ ቫልቭ»፣ «የቫልቭ ክፍተት» ማለቱም የሚመሰገን ነው። በሦስቱም ስያሜዎች ውስጥ የአገር ቃል አለ፤ ሦስቱም ባለቤታቸውን ወይም ተግባራቸውን በግልጽ ይናገራሉ። ይህም የሚያሳየው ተርጓሚው ሲጠነቀቅ ማድረግ የሚችለውን ነው።

አንድ ቦታ ላይ ግን ከጽሑፉ ይልቅ ጋራዡ የተሻለ ቃል ነበረው። ተርጓሚው የካምሻፍቱን እብጠት «ካም» ብሎ ትቶታል፤ ካምሻፍቱንም አልፎ አልፎ «ካም» ብሎ ስለሚያሳጥረው የዕቃው ሙሉና ክፍል በአንድ ስም ይጠራሉ። ባለሙያው ግን የመጀመሪያውን ካም አውጥቶ ለመምህሩ ሲያሳይ «ሻኛው ተበልቶ አልቋል፤ ቢያዩት ሻኛና ጀርባ አይለይም» ሲል ሰምተናል። የአንድ ሰው አነጋገር የአገር ልማድ ነው ለማለት አንደፍርም። ነገር ግን ስያሜውን መርምረን ያገኘነው ብርታት ቃሉን ለውይይት እንድናቀርበው ገፋፍቶናል።

ሻኛ የበሬ ነው። ቁመቱ የሚለካው ከጀርባው ተነሥቶ እንጂ ከመሬት ተነሥቶ አይደለም። የካምሻፍቱ እብጠት መጠንም የሚለካው በትክክል እንዲሁ ነው፤ ከዘንጉ መካከል ሳይሆን ከክቡ ጀርባ ተነሥቶ እስከ ጫፉ። ስለዚህ «የሻኛ ከፍታ» ብንል ከየት እስከ የት እንደሚለካ ምሳሌው ራሱ ያስተምራል። «ጀርባ» የሚለውም ቃል ለክቡ ክፍል ሳይፈለግ አብሮ ይመጣል። አንድ ምሳሌያዊ ስያሜ ሁለት ጽንሰ ሐሳቦችን ከነዝምድናቸው ይዞ ሲመጣ ለስያሜ ባለሙያ ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም።

ሻኛን ለማሽን ማዋል ነውር ነው የሚል ቢኖር የሌሎችን ቋንቋዎች ይመልከት። የእንግሊዝኛው «ካም» ማበጠሪያ የሚል ትርጉም ካለው የሆላንድ ቃል የመጣ ነው። ፈረንሳይኛና ጣልያንኛ ዘንጉን «ዛፍ» ይሉታል። መስኮብኛ እብጠቱን «ትንሽ ቡጢ» ይለዋል፤ ዘንጉን ግን በተግባሩ «አከፋፋይ ዘንግ» ብሎ ሰይሞታል። ማበጠሪያ፣ ዛፍና ቡጢ ሞተር ውስጥ ከገቡ የበሬ ሻኛ የሚከለከልበት ምክንያት አይታየንም።

6. ስለ እኛ ስለ ራሳችን

እስካሁን የተናገርነው በተርጓሚው ላይ ነው። ፍርዱ ትክክል እንዲሆን ግን ተርጓሚው የሚመራበት ምን ነበረው ብለን መጠየቅ ይኖርብናል።

የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ በ1964 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ለሳይንስና ለቴክኖሎጂ ቃላት አቻ የማግኘቱ ሥራ ብዙ ሊቃውንትን አድክሟል፤ ፍሬውም በ1989 ዓ.ም. በታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ለአንባቢ ደርሷል። ያን ድካም የምናቃልል አይደለንም። ነገር ግን እኛ ራሳችን በተካፈልንባቸው የስያሜ ስብሰባዎች ላይ ጊዜው በምን እንዳለቀ እናስታውሳለን። ክርክሩ የሚሞቀው በዕቃ ስሞች ላይ ነበር። ይህ ዕቃ በግእዝ ይጠራ፣ ይህኛው በባዕድ ስሙ ይቅር፣ ያኛው በገጠር ቃል ይተካ እየተባለ ቀኑ ይመሻል። መጠንን፣ ዝምድናንና አለካክን የሚሰይሙት ቃላት ግን «ቀላል ናቸው» ተብለው ለመጨረሻ ይቆያሉ፤ ከዚያም በችኮላ ያልፋሉ።

የደብረ ታቦሩ ጉዳይ ይህ ቅደም ተከተል የተገለበጠ መሆኑን ያሳያል። በጋራዡ ውስጥ ስም የሌለው ዕቃ አላገኘንም። ባለሙያው እያንዳንዱን ክፍል በጣልያንኛም ይሁን በእንግሊዝኛ ወይም በአማርኛ ይጠራዋል፤ ስሙን ሲጠራም ረዳቱ የተጠራውን ዕቃ ያቀብለዋል። ስም የጎደላቸው መጠኖቹ ናቸው። ቫልቩ ተከፍቶ የሚቆይበት ዙር፣ ሻኛው የሚያነሣው ልክ፣ ሁለቱ ቫልቮች አብረው ክፍት የሚሆኑበት ክፍል፣ የጊሩ ከመደበኛው መራቅ በባለሙያው እጅና ጆሮ ውስጥ አሉ፤ በአንደበቱ ግን የሉም። በዚህም ምክንያት ዕቃውን ከፊቱ ላስቀመጠለት ሰው ይፈርድለታል፤ በስልክ ወይም በጽሑፍ ለሚጠይቀው ሰው ግን ሊያስረዳው አይችልም። ስም ለነበራቸው ነገሮች ስም ስናወጣ ስም ያልነበራቸውን ባዶ ትተናቸዋል ማለት ነው። ተርጓሚው ያገኘው ይህን ባዶ ነው፤ በቅርቡ ባገኘው ቃልም ሞላው።

መደምደሚያ

ከላይ ከተባለው የሚከተሉትን ሐሳቦች ለባልደረቦቻችን እናቀርባለን።

ሀ/ በሙያ ትርጉም ውስጥ መጠንን የሚያመለክት ስም ሁሉ «የምን?» እና «ከየት እስከ የት?» ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ ሳይሰጥ እንዳይጻፍ። የምንጩ ቋንቋ ባለቤቱን ትቶት ከሆነ ተርጓሚው ፈልጎ ይሙላው፤ ካልሞላው ቋንቋው በራሱ ይሞላዋል፤ የሚሞላውም ብዙ ጊዜ በስሕተት ነው።

ለ/ የመሣሪያ ስም ለመሣሪያ ብቻ ይዋል። «ማንሻ» ለታፔት ሊያገለግል ይችላል፤ ለመጠኑ ግን «የሻኛ ከፍታ» እና «የቫልቭ ከፍታ» ተብሎ ይለይ።

ሐ/ «የቫልቭ መከፈቻ ማዕዘን»፣ «የማጋጠሚያ ምልክት» እና «የልክ ቁጥር» የሚሉት ለውይይት ይቅረቡ። ሁለቱ ቫልቮች አብረው የሚከፈቱበትን ክፍል ተርጓሚው «ድርብርቦሽ» ብሎታል፤ ምን በምን ላይ እንደሚደረብ ስለማይናገር «የቫልቮች የጋራ መከፈት» የሚለውን እንመርጣለን።

መ/ የዕቃ ስሞች በሠራተኛው ዘንድ ጸንተው ከቆዩ፣ ምንጫቸው የትም ይሁን የት፣ ባሉበት ይቆዩ። የስያሜ ኮሚቴ ጉልበቱን በመጠንና በዝምድና ስሞች ላይ ያውል።

በእነዚህ ስያሜዎች የማይስማማ ባልደረባ ቢኖር የተሻሉትን ለማየት ዝግጁ ነን። አንድ ነገር ግን እንለምናለን። የሚያቀርበውን ቃል ከመዝገበ ቃላት ጋር ብቻ ሳይሆን በመሸጫ መስኮት ፊት ከቆመ ሰው ጋር ያስተያየው። መምህሩ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያዝዙ ባለሙያው አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር። በአዲስ አበባ ላለው ዘመዳቸው በስልክ የተነገረው ቃል በቃል እንዲህ ነው፤ «ፋብሪካው ያወጣው ዓይነት ካምሻፍት ከነታፔቶቹ፤ በጊሩ ጀርባ ላይ፣ በጥርሱ ላይ ሳይሆን በጀርባው ላይ፣ ዜሮ የተጻፈበት።» በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አዲስ የተፈጠረ ቃል የለም፤ ባለቤቱ ያልታወቀ ስምም የለም። የተላከው ዕቃ ልክ ሆኖ ገባ።